ቧንቧ የሚያፈሰው መጋጠሚያው ላይ ነው

(ለንዑስ ተቋራጮች፣ ለፎርማኖችና ለሴፍቲ ባለሙያዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ላይ ተጽፎ ትንሽ ተስተካክሏል።)

ሰላም፣ እንደምን አላችሁ። ከኋላ ያላችሁት ይሰማችኋል? ጥሩ።

ስለ ደህንነትና አካባቢ ጥበቃ መስፈርቶች ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። እውነቱን ለመናገር ርዕሱን ሲነግሩኝ እኔንም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። ደህንነት፣ አካባቢ፣ መስፈርት። ሦስቱ ቃላት ተከታትለው ሲመጡ ሰው ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ከራሴ ጉድ ልጀምር።

ከዓመታት በፊት አንዲት ትንሽ ንዑስ ተቋራጭ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። ቧንቧ እንበይዳለን፣ ታንክ እናድሳለን፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። አንድ ትልቅ ፋብሪካ ጨረታ አወጣና የደህንነትና የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ አምጡ አለን። ዕቅድ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ ወዳጃችን ከሌላ ድርጅት ያገኘውን ፋይል ላከልን፤ እኔ ማታ ቁጭ ብዬ የእነሱን ስም እያጠፋሁ የእኛን ተካሁበት። ስልሳ ገጽ ነው። ሥራውን አሸነፍን። ሥራው ተጀምሮ፣ አልቆ፣ ሂሳቡም ተዘግቶ፣ አንድ ቀን ሌላ ነገር ስፈልግ ፋይሉን ስከፍት ገጽ 11 ላይ የዚያ የሌላው ድርጅት ስም እንደተቀመጠ አየሁ። እኛ አላነበብነውም። የፋብሪካው ሰዎችም አላነበቡትም። ማኅተም ግን በየገጹ አለ፣ ገጽ 11 ላይም ጭምር፣ ስሙ አጠገብ።

ሳቁ፣ ግድ የለም፣ እኔም ስቄአለሁ። ሳቄ የቆመው ገጹን ሳነበው ነው። ጋዝ ቢያፈስ ሠራተኛ ሮጦ የሚሰበሰብበትን ቦታ የሚናገር ገጽ ነበር። «ከሰሜኑ በር ውጭ» ይላል። እኛ የሠራንበት ግቢ የሰሜን በር የለውም።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ቧንቧ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ቧንቧ ሲያፈስ መጀመሪያ የምታዩት መሃሉን አይደለም፣ መጋጠሚያውን ነው። የኛም አደጋ እንደዚያው ነው። ፋብሪካው ሥራውን ያውቃል፣ እናንተም ሥራችሁን ታውቃላችሁ። የሚፈሰው በመካከላችሁ ነው። እነሱ «ተቋራጩ ያውቃል» ይላሉ፣ እናንተ «ፋብሪካው ነግሮናል» ትላላችሁ፣ በሁለቱ መሃል ሰው ይሞታል።

ፓይፐር አልፋን የሰማችሁ እጃችሁን አውጡ። ጥቂት ናችሁ። እንግዲያው ቀስ ብዬ ልናገረው። ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ፓይፐር አልፋ ሰሜን ባሕር ላይ የቆመ የነዳጅና የጋዝ ማውጫ መድረክ ነበር። ቀኑ ጁላይ 6፣ 1988። አብዛኛው ሠራተኛ የተቋራጭ ሠራተኛ ነው። መድረኩ ላይ ሁለት ፓምፖች አሉ፣ ኤ እና ቢ። ኤ ለጥገና ቆሟል። በዚያው ቀን የዚያው ፓምፕ የደህንነት ቫልቭ ለፍተሻ ተፈቶ ወጣ። ሥራውን የያዙት የተቋራጭ ሠራተኞች ናቸው። ቫልቩ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተመልሶ ሊገጠም አልቻለም፣ ስለዚህ ክፍት የቀረውን ቧንቧ በፍላንጅ ክዳን፣ ማለት በጠፍጣፋ የብረት መክደኛ፣ ሸፈኑት። በደንብ የጠበቀ አልነበረም፣ ምክንያቱም በዚያ መስመር ጋዝ ይሄዳል ብሎ ያሰበ የለም። የተቋራጩ ኃላፊ ፐርሚቱን፣ ማለት የሥራ ፈቃድ ወረቀቱን፣ ይዞ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ሄደ። እዚያ ያሉት ሰዎች ሥራ ይዘዋል። ወረቀቱን አስቀምጦ ወጣ።

ይቺን ቦታ ልብ በሉልኝ። ያ ሰው ሰነፍ አይደለም። ፐርሚቱን ይዞ ሄዷል። ያልሆነው ነገር አንድ ነው፤ አፍ ለአፍ «ቫልቩ የለም፣ ኤ ፓምፕን እንዳትነኩ» አልተባባሉም።

ምሽት ላይ ፓምፕ ቢ ቆመ። ተረኞቹ ፐርሚት ፈለጉ። የፓምፑን ጥገና ፐርሚት አገኙ፣ ጥገናው ገና አልተጀመረም ይላል። የቫልቩን ፐርሚት አላገኙም፣ ወረቀቶቹ የሚቀመጡት በየቦታቸው ተለይተው ነበርና። ስለዚህ ኤ ፓምፕን አስነሱት። 4 ሰዓት ገደማ ፍንዳታው መጣ። 167 ሰው ሞተ፣ ከነሱ ሁለቱ ሌሎችን ሊያድኑ በጀልባ የመጡ ናቸው። ሎርድ ከለን የመሩት ምርመራ በ1990 ሲወጣ 106 ምክረ ሐሳቦች ይዞ ነበር።

ሁልጊዜ የሚገርመኝ ወረቀቱ መኖሩ ነው። ሁሉም ነገር ተጽፏል። ተሞልቷል። ተፈርሟል። እኛ መስፈርት ስንል ወረቀት ይመስለናል። እዚያ ወረቀቱ ነበር፣ ሰዎቹ ግን አልተገናኙም።

እና ምን እናድርግ? እኔ ፎርማኖቼን የማስለምዳቸው አንድ ቃል ነው፤ «አሳየኝ»። «ቫልቩን ዘግተነዋል፣ ፈርም» ሲባል «አሳየኝ» በል። እምቢ አላልክም። አልተጣላህም። ሰውዬው አብሮህ ሄዶ ቫልቩን በእጁ ይንካልህ። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ተዘግቶ ታገኘዋለህ፣ ያን ጊዜ ፈርም። በአሥረኛው ሰውዬው ራሱ ቆም ብሎ «ቆይ እስቲ» ይላል። እኔ ያቺን «ቆይ እስቲ» ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቆልፍ። ድሮ አባቶቻችን «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል፣ ኢንዱስትሪው ደግሞ ይሄንኑ ነገር ሁለት ቫልቭ ዝጋና መሃሉን አስተንፍስ ይለዋል። ማብሪያው ላይ የፋብሪካው ጓጉንቸር ቢኖርም የራስህን ጨምር። ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ማን ነው? አንተ። እንግዲያው ቁልፉ አንተ ኪስ ውስጥ ይሁን። የፎርማኑ ኪስ አይሆንም፣ ቢሮ የተሰቀለውም አይሆንም። አራት ሰው ከገባ አራት ጓጉንቸር። ከዚያ ማብሪያውን ሞክረው። ካልተነሳ ግባ። ብዙ ሰው ይቆልፍና መሞከሩን ይረሳዋል፣ የተሳሳተ ማብሪያ መቆለፉን የሚያውቀው ማሽኑ ሲነሳ ነው።

አሁን ወደ ዝግ ቦታ ልምጣ። ታንክ፣ ጉድጓድ፣ ሪአክተር (ኬሚካል የሚብላላበት ትልቅ ጋን)፣ ሳይሎ (የእህል ወይም የሲሚንቶ ማከማቻ ማማ)፣ የፍሳሽ ማንሆል። ኖቬምበር 2005 በአሜሪካ ዴላዌር ሲቲ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ሁለት የተቋራጭ ሠራተኞች አንድ ሪአክተር አናት ላይ ይሠሩ ነበር። ሪአክተሩ በናይትሮጅን ተሞልቷል። ውስጡ የማጣበቂያ ቴፕ ወድቆ ነበር። ተራ፣ ጥቅል ቴፕ። አንደኛው እሱን ለማውጣት ሲሞክር ውስጥ ቀረ። ሌላው ሊያወጣው መሰላል አስገብቶ ወረደ። ሁለቱም ሞቱ። በሩ ላይ ያለ ፈቃድ አይገባም የሚል ነገር ነበር፣ ውስጡ ናይትሮጅን ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ግን አልነበረም።

ናይትሮጅን መርዝ አይደለም፣ ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው እሱ ነው። አይሸትም፣ አያስልም፣ ዓይን አያቃጥልም። ሰውነታችን ኦክስጅን ሲጎድል አያስጠነቅቀንም፣ የሚያንቀን ስሜት የሚመጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች ነው። ስለዚህ ሰው አንድ ሁለት ጊዜ ይተነፍስና ይወድቃል፣ ምን እንደነካው ሳያውቅ። ጓደኛው ደግሞ ልብ ደክሞት ነው ብሎ ይገባለታል። በዝግ ቦታ ከሚሞቱት ውስጥ ስንቱ ሊያድን የገባ እንደሆነ ስትሰሙ ይከብዳችኋል። ሠራተኞቻችሁን አስተምሩ፤ ጓደኛህ ወድቆ ብታይ አትግባ፣ ጩህ። ይሄን ለማስተማር ይከብዳል፣ ጭካኔ ይመስላል። አስተምሩ።

ቁጥሩ ቀላል ነው። ኦክስጅን 20.9 በመቶ መሆን አለበት። ከ19.5 በታች ከሆነ አትግባ፣ ከ23.5 በላይ ከሆነም አትግባ፣ ልብስህ ራሱ እንደ ክብሪት ይነዳል። የጋዝ መለኪያውን የታንኩ አፍ ላይ ብቻ አትያዘው፤ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች። አንዳንዱ ጋዝ ወለል ላይ ይተኛል። ጠዋት ለክተህ ከምሳ በኋላ ስትመለስ እንደገና ለካ።

ለምን እንደገና? እዚያው ማጣሪያ ልመልሳችሁ፣ ከዚያ አደጋ አራት ዓመት በፊት፣ ጁላይ 2001። ያኔ ባለቤቱ ሌላ ነበር፣ ግቢው ግን ያው ነው። የተቋራጭ ሠራተኞች በአሲድ ታንኮች መሃል ያለ የብረት መተላለፊያ ይጠግናሉ። የእሳት ሥራ ፐርሚት፣ ማለት ብየዳና ፍንጣሪ ላለው ሥራ የሚሰጠው ፈቃድ፣ ተሰጥቷቸዋል። አጠገባቸው ያለው ታንክ ዝጎ ተበስቷል፣ ይሄን ፋብሪካው ያውቃል። ውስጡ ያገለገለ ሰልፈሪክ አሲድ ብቻ አይደለም፣ ተቀጣጣይ ትነትም አለ። ፐርሚቱ በሥራው መሃል ጋዝ ደጋግማችሁ ለኩ አላለም። ፍንጣሪ ወጣ፣ ታንኩ ፈነዳ፣ አንድ የተቋራጭ ሠራተኛ ሞተ፣ ስምንት ተጎዱ። አሲዱ ደግሞ ግቢውን አጥለቅልቆ ወደ ዴላዌር ወንዝ ገባ፣ ወንዝ የደረሰው ብቻ ወደ 375 ሺህ ሊትር ይጠጋል። ዓሣና ሸርጣን አለቀ።

ይህን ታሪክ የምወደው... መውደድ አይባልም፣ ግን ደጋግሜ የምናገረው ለአንድ ምክንያት ነው። ደህንነት አንድ ፋይል፣ አካባቢ ሌላ ፋይል ነው ለሚሉ መልስ ነው። አንዷ ፍንጣሪ ናት ሰውዬውንም ወንዙንም የወሰደችው።

የብየዳ ፍንጣሪ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል። 11 ሜትር ዙሪያውን አጽዳ ይባላል፣ ማጽዳት የማይቻለውን ሸፍነው። ብየዳው ሲያልቅም እሳት ጠባቂው፣ እሳት እንዳይነሳ የሚከታተለው ሰው፣ ዕቃውን ጠቅልሎ አይሄድም። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ድሮ 30 ደቂቃ ቆይ ይል ነበር፣ ከደንቡ የ2019 እትም ወዲህ 60 ደቂቃ አድርጎታል። ትክክል ነው። እኔ ራሴ ሥራ ካለቀ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ከእንጨት ክምር ጭስ ሲነሳ አይቻለሁ፣ ያየሁትም ስልኬን ረስቼ ስመለስ ነው። ያ የኔ ጥንቃቄ አይደለም፣ ዕድል ነው።

አካባቢ ስንል ብዙዎቻችሁ ትልቁ ፋብሪካ ይጨነቅበት ትላላችሁ። እኛ ምን አለን? በርሜል፣ ጨርቅ፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ የማጠቢያ ውሃ። አዎ፣ እሱን ነው የምለው።

አንድ ጊዜ ልጆቹ የሲሚንቶ መቀላቀያ ሲያጥቡ ውሃውን ወደ አንድ ፍርግርግ ይለቁታል። «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። እኔ ኃላፊው ነኝ። «የዝናብ መውረጃ ነው፣ ችግር የለውም» አልኩት። ይሄ የተናገርኩት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። የዝናብ መውረጃ ከሆነ እኮ ነው ችግሩ! የመጸዳጃው መስመር ቢያንስ ወደ ማጣሪያ ሊሄድ ይችላል፣ የዝናቡ ብዙ ጊዜ ሳይጣራ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። የሲሚንቶ ውሃ ደግሞ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው፣ 7 መሃከለኛ ነው) 12 እና ከዚያ በላይ ነው፣ የዓሣን መተንፈሻ ያቃጥላል። ልጁ ከእኔ የተሻለ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። አሁን ማንኛውም ግቢ ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የፍሳሽ ካርታ ነው። ካርታ ከሌላቸው (ብዙ ጊዜ የላቸውም) ፍርግርጎቹን በቀለም ምልክት አድርገን እንሸፍናቸዋለን።

በርሜሉን ለሚወስድላችሁ ሰው ስትሰጡትም ነገሩ አላለቀም። በ2006 ትራፊጉራ የተባለው የንግድ ኩባንያ የተከራየው ፕሮቦ ኮዋላ የሚባል መርከብ አደገኛ ዝቃጭ ይዞ አምስተርዳም ላይ ሊያራግፈው ሞከረ፣ የማስወገጃው ዋጋ ተወደደበት፣ ይዞት ተመለሰ። በኋላ አይቮሪ ኮስት ውስጥ አቢጃን ከተማ ላይ ቶሚ ለሚባል የአገር ውስጥ ድርጅት በጣም በትንሽ ዋጋ ሰጠው። ድርጅቱ ፈቃድ ካገኘ ሳምንታት ብቻ ነበሩ። ዝቃጩን በመኪና እየጫነ ከተማው ውስጥ በየሜዳው ደፋው። ከ100 ሺህ በላይ ሰው ሐኪም ቤት ሄደ። ትራፊጉራ በ2010 በኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በሕገወጥ መንገድ ቆሻሻውን በመላኩ ተቀጣ። ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ በጣም ካነሰ ልዩነቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ከበርሜሉ ጋር ወረቀት ይሂድ፣ የተቀበለው ቦታ ፈርሞ ወረቀቱ ተመልሶ ይምጣ። ካልተመለሰ ደውሉ።

ኬሚካል ስትገዙ የሚመጣውን የደህንነት መረጃ ወረቀት ታውቁታላችሁ፣ 16 ክፍል አለው። ሁሉን አንብቡ አልልም፣ ማንም አያነብም። ክፍል 2 ምን ያደርገኛል፣ 4 ቢነካኝስ፣ 6 ቢፈስስ፣ 8 ምን ልልበስ፣ 13 የተረፈውን የት ልጣል። አምስቱን ፎርማኑ ጠዋት በራሱ ቋንቋ ያስረዳ። ሠራተኛው በማይገባው ቋንቋ የተለጠፈ ወረቀት ከግድግዳ ቀለም አይለይም።

ስለ ገንዘብ ሳልናገር ብወርድ ውሸታም ነኝ። ጨረታ ላይ «ሴፍቲ ዋጋው ውስጥ አለ» የሚባል ነገር አለ። የለም። ውስጡ አለ የተባለ ነገር ድርድር ሲመጣ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። ለብቻው መስመር ስጡት፤ የጋዝ መለኪያ፣ እሳት ጠባቂ፣ የቆሻሻ ማስወገጃ፣ የሥልጠና ቀን። ደንበኛው ሊሰርዘው ከፈለገ በእጁ ይሰርዘው። ሲሰርዝ ብዙዎቹ እጃቸው ከበድ ይላል፣ አይቻለሁ።

በሕግም ቢሆን መሸሻ የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ቁጥር 155፣ የ1981ዱ፣ በአንድ የሥራ ቦታ ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች ካሉ ተባብረው ይሥሩ ይላል። የግንባታው፣ ቁጥር 167፣ የማስተባበሩን ኃላፊነት ለዋናው ተቋራጭ ሰጥቶ ሲያበቃ እያንዳንዱ አሠሪ በሥሩ ላሉት ሠራተኞች ተጠያቂነቱ እንዳለ ነው ይላል። ስለዚህ «ዋናው ተቋራጭ ነው» ማለት አያስጥልም፣ «ንዑሱ ነው» ማለትም እንደዚያው። ኃላፊነት ሲሰጥ አይጎድልም፣ ሁለቱ ጋ ሙሉ ሆኖ ይቀመጣል።

ሥራ ማስቆም ላይ ደግሞ ሁሉም ፋብሪካ «ማንም ሰው ማስቆም ይችላል» ብሎ ይለጥፋል። እናንተ ግን ምን ትፈራላችሁ? ሁለተኛ እንዳይጠሩን። ፍርሃቱ እውነት ነው፣ ለኔም እውነት ነበር፣ አንድ ደንበኛም በዚሁ አጥቻለሁ። ለዚህ ነው «አሳየኝ»ን የምወደው፣ ሥራውን ሳያስቆም ያስቆማል። ደግሞ መጣደፉን እወቁበት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ፐርሚቱ በሩጫ ሲፈረም ካያችሁ ሌላውም በሩጫ ነው የተሠራው።

በቃኝ፣ ጥያቄ ካለ...

[አራት ሠራተኛ ብቻ ያለው፣ ሴፍቲ ባለሙያ መቅጠር የማይችልስ?]

አራት ሰው ካላችሁ ባለሙያ አያስፈልጋችሁም፣ ጠዋት አምስት ደቂቃ ያስፈልጋችኋል። ዛሬ ምን ሊገድለን ይችላል? ማን ዘጋው፣ ማን አየው? የፈሰሰው የት ይሄዳል? ቢከፋ ወዴት እንሮጣለን? የመጨረሻውን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት፣ የሰሜን በር መኖሩን። የጋዝ መለኪያ ከሌላችሁ ከፋብሪካው ጠይቁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ፣ መቼ እንደተስተካከለም ጠይቁ።

[ሰውዬው ጓጉንቸሩን ረስቶ ቤቱ ቢሄድስ? ፋብሪካው ሌሊቱን ይቁም?]

ደርሶብኛል። ኤሌክትሪሺያናችን የአንድ ማደባለቂያ ማሽን ማብሪያ ላይ ቆልፎ ሄደ። ማታ ተደወለልኝ፣ «ቁረጡት» እያሉ ይጮኻሉ። ስልኩን ደጋግሜ ደወልኩለት፣ ዝግ ነው። ሄድኩ። የፈረቃው ኃላፊ አብሮኝ መጣ፣ በባትሪ ማሽኑን ውስጡን አየን፣ ሥሩን አየን፣ ስሙን ጠራን። የበር ጠባቂውን መዝገብ አየን፣ ወጥቷል። ከዚያም ቤቱ ሰው ልኬ፣ ቤቱ መሆኑ ተረጋገጠ፣ ተኝቷል። ያን ጊዜ ሁለታችንም ፈርመን በብረት መጋዝ ቆረጥነው። አርባ ደቂቃ ፈጀ፣ ሰዎቹ ተቆጥተዋል።

ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ በሩ ላይ ቆምኩ፣ ምክንያቱም እሱ በልቡ ጓጉንቸሩ አሁንም እዚያ ነው። ሲመጣ የተቆረጠውን አሳየሁትና አዲስ ሰጠሁት። የድሮውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣና «ይሄስ?» አለኝ።

«ጣለው» አልኩት።